የቁመት ጉዳይ

በካልካታ ሰሜን፣ ትራሙ ሲታጠፍ ከሚያቃስትበት፣
ቀጭን ቅያስ አለ፣ ሁለት ጃንጥላ ጎን ለጎን የማያልፍበት።
ክበቡ እዚያ ነው፤
የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ አምፖል፣ የማይዘጋ በር፣
እጀታው የወለቀ ዋንጫ፣ ከታላላቆቻቸው የወረሱት ክብር፣
መሐል ላይ የካሮም ሰሌዳ፣ በየማዕዘኑ ቀዳዳ፣
ዱቄት የተነሰነሰበት፣ እንደ ተላጨ ራስ የጸዳ።

ሦስት ወር በዚያ በር አለፍኩ፣
ከማተሚያ ቤት ስመለስ፣ ጥፍሬ ቀለም እንደ ያዘ፣
አንገቴን ደፍቼ፣ ሳቃቸውን ግን አንድ በአንድ እየቆጠርኩ።
ጠጠሯ ጠጠር መትታ ስትገባ ከጉድጓዷ፣
እኔም ነጥብ እይዝ ነበር በልቤ፣ ባልተጋበዝኩበት ጓዳ።

ማን ግባ ይበለኝ? የመጣሁት ከፑሩሊያ ነው፣ ከቀዩ አፈር፤
ቋንቋችን አንድ ቢሆንም ቃሌ ይጎተታል፣ እንደ ጫማ በጭቃ ሰፈር።
እነሱ አብሮ አደግ ናቸው፣ የቤት ስም አላቸው፣
ፖልቱ፣ ሐቡል፣ ናሩ፣ ቡዶ፤ እናት ከሰገነት የምትጠራቸው።
እኔ ሥራ ቦታ ‘አንተ’ ነኝ፣
በአከራዬ ደብተር ‘የላይኛዋ ክፍል’ ነኝ።
ዳቦስ ከሱቅ ይገዛል፤
ሰው የራበው ግን ከማን ደጅ ይቆማል?

በሐምሌ ሌሊት፣ ውሃው ከጉልበት በላይ ቅያሱን ሞልቶ፣
በሬ ተንኳኳ። ሐቡል ነው፣ ፋኖስ ይዞ፣ እስከ አጥንቱ ረጥቶ።
‘ቁመትህ ስንት ነው?’ አለኝ፣ ሰላምታ ሳያስቀድም።
ስሜን እንኳ አልጠየቀም።
ግድግዳ አስደግፎ ለካኝ፣ በክንዱ፣ እንደ ልብስ ሰፊ፣
‘ከፖልቱ እኩል ነህ። ውረድ። ሃራዶን ሞቱ፣
ሃርሞኒየም ጠጋኙ፣ ያ ተሳዳቢ፣ ያ አኩራፊ።
ልጅ የላቸው፣ ዘመድ የላቸው፤ መኪናውም ጎርፍ ፈርቶ ቀረ፤
አራት ትከሻ ያሻል፣ ናሩ ደግሞ አጭር ነው፣
ቃሬዛው ወደሱ ዘሞ፣ ሽማግሌው ሊንሸራተቱ ነበረ።’

እኔ ሰውየውን የማውቃቸው በእርግማን ነበር፣
‘ውሃ አታንጠባጥብብኝ!’ ሲሉኝ፣ ከደጃቸው ዳር።
ቀርከሃው ትከሻዬ ላይ አረፈ። ከበዱኝ።
‘ጉድጓድ አለ!’ ይላል የፊተኛው፣ በጨለማ፣
‘ጉድጓድ አለ፣’ ይላል የኋለኛው፣ ሙታንም እንዲሰማ።
ሐቡል ከፊት በፋኖስ፤ ናሩ ከጎን፣ በጣቶቹ ጫፍ ቆሞ፣
ጃንጥላ ዘርግቶላቸው፤ ለሞተ ሰው ጃንጥላ፣
አንድም ሰው አልሳቀ ከቶ።
የግራ ጫማዬን ጭቃው ወሰደው። ዝም አልኩ።
ብቆም አራታችንም እንቆማለን፤ ስለዚህ ሄድኩ።

ወንዙ ዳር እንጨቱ እርጥብ፣ እሳቱ ዳተኛ፤
ተራ የሚጠብቅ ሬሳ ሁለት፣ የኛው ሦስተኛ።
‘የሟቹ ምን ናችሁ?’ አለ መዝጋቢው፣ ቀና ሳይል ከወረቀት።
ተያየን።
‘ክበብ፣’ አለ ቡዶ።
ጻፈው፣ እንደ አጎት፣ እንደ ልጅ፣ እንደ አንድ የዝምድና ዓይነት።

ስንመለስ ነግቷል። ጎርፉ ክበቡ ገብቶ ወጥቷል፣
ሰሌዳው ጎብጧል፤ ጠጠሩ ሁሉ፣ ቢመቱት ባይመቱት፣ ወደ አንድ ጥግ ይንከባለላል።
‘ያ ጥግ ያንተ ይሁን፣’ አለኝ ናሩ፣ ‘ዛሬ እንኳ አሸንፍ።’
ሐቡል የመዋጮ ደብተሩን አወጣ፣ እርጥቡን ገጽ ገልጦ፣
ስሜን ጠየቀኝ፣ ገና አሁን፣ እርሳሱን በምላጭ ቀርጾ።
‘ብሮጆኪሾር።’
‘ይሄማ መስመሩን ይጨርሳል፣’ ብሎ
ላምቡ ሲል ጻፈ፤ ቀውላላው እንደ ማለት።
‘ለኔ ይገባ የነበረ ስም!’ አለ ፖልቱ፣ እያዛጋ፣ ተጋድሞ መሬት።

ዐሥር ሩፒ ከፈልኩ።
ከሰገነቱ የፖልቱ እናት፣ እርጥብ ልብስ እያሰጣች፣
እንደ ዘወትሩ ጮክ ብላ ተጣራች፦
‘ፖልቱ! ሐቡል! ናሩ! ቡዶ!’
ወሬ በዚያ ሰፈር ከጎርፍ ይቀድማል፤ ማን ይሆን ያሰማ?
‘ላምቡ! የት ጣልከው ሌላውን ጫማ?’